26 ኪሎ ተኩል በግራ፣ 26 ኪሎ ተኩል በቀኝ፦ ለአደን ጉዞ የጭነት ማስታወሻ

ሳምንት 1፣ ቅዳሜ

እስካሁን አደን የወጣሁት ዕቃዬን በጀርባዬ ተሸክሜ ነው። ባለፈው ጊዜ አንድ አጋዘን መታሁ። ደስታው አንድ ሰዓት ቆየ። ሥጋውን ለማውጣት ግን ሁለት ቀን ሙሉ ተመላለስኩ። ጉልበቴ ለአንድ ወር አኮረፈኝ። ጓደኛዬ ከዚያ ወዲህ አቋሙ አንድ ነው፦ «ወይ እንስሳ እንይዛለን፣ ወይ እኔ የለሁበትም።»

ስለዚህ አሁን አንዲት በቅሎና አንዲት ባዝራ አሉን። በቅሎዋ ዳማ ትባላለች። ባዝራዋ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ቦራ አልናት። ሁለቱም ሰው ለምደዋል። ጭነት ለብዙ ቀን ተሸክመው ግን አያውቁም። እኛም ጭነን አናውቅም። ከመኪና መንገዱ እስከምንሰፍርበት ቦታ 18 ኪሎ ሜትር ነው፣ አምስት ሌሊት እናድራለን። ሰባት ሳምንት ቀርቶናል። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ጥፋቴን እንዳልደግመው ነው።

ዛሬ ዕቃውን ሁሉ ሜዳ ላይ ዘረጋነው። ከዛፍ ላይ ተንጠልጣይ ሚዛን ሰቅለን አንድ በአንድ መዘንን። ድንኳን፣ የመኝታ ከረጢት፣ ምግብ፣ ምድጃ፣ መጥረቢያ፣ ገመድ፣ ለእንስሳቱ 20 ኪሎ የታመቀ መኖ። ድምሩ 151 ኪሎ መጣ። ጓደኛዬ «ለሁለት እንስሳ ምን አላት!» አለ። እኔም አመንኩት።

ሳምንት 1፣ እሑድ

ብዙ አላት።

በዚህ ሥራ ያረጁ አንድ ጎረቤት አሉን። ጋሼ ነው የምላቸው። የጻፍነውን ዝርዝር አዩና ወረቀቱን ሳይመልሱልኝ «በቅሎዋ ስንት ኪሎ ናት?» አሉኝ። አላውቅም። «የእሷን ሳታውቅ የድስትህን ኪሎ ማወቅህ ምን ይሠራልሃል?»

ለፈረስ የሚሠራ ስሌት አለ፣ ለበቅሎም ቅርብ ነው። በሳንቲ ሜትር የደረቷን ዙሪያ ከፊት እግሮቿ ኋላ ትለካለህ። ከዚያ ከትከሻዋ ጫፍ እስከ ታፋዋ ጫፍ ርዝመቷን። ዙሪያው በራሱ ይባዛል፣ በርዝመቱ ይባዛል፣ ለ11,880 ይካፈላል። መልሱ በኪሎ ነው። ዳማ ዙሪያዋ 175 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቷ 152። 392 ኪሎ ገደማ ሆነች። ቦራ 185 በ165፣ 475 ኪሎ።

ጭነት ከእንስሳው ክብደት ከ20 በመቶ ባይበልጥ ይመረጣል። ለዳማ 78 ኪሎ፣ ለቦራ 95 ማለት ነው። ጥሩ ነው ብዬ ልደምር ስል ጋሼ አቋረጡኝ። ኮርቻውስ? ምንጣፉስ? ሳጥኖቹስ? መዘንናቸው። የጭነት ኮርቻው ከነጠፍሩና ከነምንጣፉ 15 ኪሎ፣ ሁለቱ ሳጥኖች ባዶአቸውን 10። እንስሳቷ ገና አንድ ማንኪያ ሳይጫንባት 25 ኪሎ ተሸክማለች። ስለዚህ ለዳማ የሚቀራት 53 ኪሎ፣ ለቦራ 70። በድምሩ 123።

እኛ 151 ይዘን ቆመናል።

ሰው 80 ኪሎ ቢሆን በቅሎ ተቀምጦ ይሄድ የለም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ሰው ሕያው ጭነት ነው አሉ። ዳገት ላይ ወደ ፊት ይደፋል፣ ቁልቁለት ላይ ወደ ኋላ ይለጠጣል፣ ሲደክማት ይወርድላታል። ሳጥን ግን ሙት ነው። ምንም አያግዛትም።

ሳምንት 1፣ ማክሰኞ ማታ

28 ኪሎ መቀነስ ነበረብን። ሁለት ተጣጣፊ ወንበር፣ 7 ኪሎ፣ ወጣ። የብረት መጥበሻ፣ 4 ኪሎ፣ ወጣ። ለእሱ ትንሽ ተከራክሬያለሁ። 10 ሊትር ውኃ፣ ሰፈሩ አጠገብ ወንዝ እያለ! ማጣሪያ ይበቃናል። ሁለተኛው መጥረቢያ 2 ኪሎ፣ ትርፍ ልብስ 6 ኪሎ። 29 ወጣ፣ 122 ቀረ።

ጓደኛዬ ወንበሩን ሁለት ጊዜ መልሶ አስገብቶት አገኘሁት።

ሳምንት 2፣ ቅዳሜ

የመጀመሪያው እውነተኛ ጭነት። ሁለት ሰዓት በእግር፣ ለጥ ባለ ሜዳ።

የጭነት ኮርቻ የመቀመጫ ኮርቻ አይደለም። የእኛ ሁለት ጥንድ እንጨቶች እንደ መስቀል ተጣምረው የቆሙበት ነው፣ ሳጥኖቹ እነሱ ላይ ይንጠለጠላሉ። በእንጨቱ ፈንታ ሁለት የብረት ቅስት ያለው፣ ዴከር የሚባለውም አለ። ቅርጹ ወጣ ገባ ለሆነ ጭነት እሱ ይመቻል ይላሉ። እኛ ያገኘነው እንጨቱን ነው።

ሥር ወፍራም ምንጣፍ ይገባል። ሆዷ ሥር ሁለት ጠፍር፣ ደረቷ ላይ አንድ፣ ከታፋዋ ኋላ አንድ። የኋላውን መጀመሪያ ጌጥ መስሎኝ ነበር። የበቅሎ ትከሻ እንደ ፈረስ ከፍ ብሎ ኮርቻ አይዝም፣ ጀርባዋም ድብልብል ነው። ያ ጠፍር ባይኖር ቁልቁለት ላይ ኮርቻው አንገቷ ላይ ይደርስ ነበር። ልኩ ሜዳ ላይ ቆማ በጠፍሩና በታፋዋ መካከል መዳፍ በጎን የሚያስገባ ነው። ከዚያ ከጠበቀ ዳገት ስትወጣ ይልጣታል። ከዚያ ከላላ ስትወርድ አይዝላትም።

ጭነቱ አልወደቀም፣ አላጋደለም። ተመልሰን ስናራግፍ እኔ ቀድሞውኑ ኩራት ላይ ነበርኩ።

ጋሼ መጡ። ገመዱንም ቋጠሮውንም ዞር ብለው አላዩም። የዳማን ምንጣፍ አነሱና ጀርባዋ ላይ እጃቸውን አሳለፉ። ጀርባዋ በላብ ርሷል፣ ጸጉሩ ተጣብቋል። ከትከሻዋ ኋላ ግን ግራና ቀኝ መዳፍ የሚያክል ደረቅ ቦታ አለ። ጸጉሩ ለስላሳ፣ ንጹሕ፣ ያልተነካ ይመስላል። እኔ «እዚህ ጋ አላላበችም፣ ጥሩ ነው» አልኩ።

«አላላበችም አይደለም። ላቡ እንዳይወጣ ተጫንከው እንጂ» አሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮርቻው አንድ ቦታ ላይ ከመጠን በላይ ሲጫን ቆዳው ውስጥ ደም በደንብ አይዞርም፣ ላብ የሚያመነጨውም ሥራውን ያቆማል። ዙሪያው ርሶ መካከሉ ደርቆ ካየህ ክብደቱ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው ማለት ነው። ዛሬ ደረቅ ነው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ያብጣል፣ በአምስተኛው ቀን ገጣባ ሆኖ ታገኘዋለህ። የቦራ ትከሻ ላይ ያሉትን ጥቂት ነጭ ጸጉሮችም አሳዩኝ። ቀደም ሲል አንድ ሰው በመጥፎ ኮርቻ የጻፈባት ነው። እኔ መልኳ መስሎኝ ነበር።

ጥፋቱ ቀላል ሆኖ ተገኘ። ኮርቻውን ወደ ፊት አብዝቼ አስቀምጬ የትከሻዋን አጥንት እየተጫነ ነበር። አጥንቱ ስትራመድ ወደ ኋላ ይመጣል፣ ቦታ ይፈልጋል። ሦስት ጣት ወደ ኋላ አደረግነው። ደግሞ መጀመሪያ ፈቀቅ አድርጎ ወደ ፊት አስቀምጦ፣ ከዚያ በጸጉሩ አቅጣጫ ወደ ኋላ ማንሸራተት ነው። በተቃራኒው ከሆነ ጸጉሩ ሥሩ ታጥፎ ይቀራል።

ሳምንት 2፣ ሐሙስ

እንደገና ሁለት ሰዓት። ደረቁ ቦታ ወደ ሁለት ጣት አነሰ። ቅዳሜ ደግሞ ጠፋ።

ሳምንት 3፣ ቅዳሜ

ዛሬ ሜዳው ላይ 40 ሜትር ያህል ዕቃ ለቅመናል። ድስት፣ ካልሲ፣ ሩዝ። ሩዙን ተውነው።

የሆነው ይኸው ነው። የዳማን ግራ ሳጥን ወጥ ቤት አደረግነው። ድስትና ሰሐን፣ ምድጃ። ቀኙን የመኝታ ዕቃ። በዓይን እኩል ይመስሉ ነበር፣ ሚዛኑ ደግሞ ቤት ቀርቷል። ግማሽ ሰዓት እንደሄድን ኮርቻው ወደ ግራ ማጋደል ጀመረ። ላስተካክል ስል ሳጥኑ ውስጥ የድስቱ ክዳን ተንሸራቶ ቿ አለ። ዳማ ጆሮዋን ቀሰረች። አንድ እርምጃ ስትሄድ ደግሞ ቿ። ከዚያ በኋላ የፈራችው ድምፅ ሆዷ አጠገብ ታስሮ አብሯት እየሮጠ ነው፣ የት ትሸሸው?

ጓደኛዬ «ይቺ በቅሎ አትረባም» አለ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይባላል፣ እኛ ግን ተገላቢጦሽ ነን። ጥፋቱ የዳውላው ሆኖ ሳለ ምስኪኗን ሰደብናት።

ማታ መዘንነው። ግራው 29 ኪሎ ተኩል፣ ቀኙ 23 ተኩል። ስድስት ኪሎ ልዩነት! ሁለቱ ጎኖች ከአንድ ኪሎ በላይ መለያየት የለባቸውም። ጭነት ሲያጋድል ሰው ገመድ ያጠብቃል። እኔም ያደረግኩት እሱን ነው። ገመድ ማጥበቅ ግን ያጋደለውን ጭነት አጋድሎ እንዲቀር ያደርገዋል እንጂ አያቃናውም፣ የእሷንም ጎን ይጨምቃል። መድኃኒቱ ሳጥኑን መክፈት ብቻ ነው።

ከዛሬ ጀምሮ ያወጣሁት ሕግ፦ ሚዛኑ ከቤት አይቀርም። በመንገድ ላይ ደግሞ ትንሽ ማስተካከያ ካስፈለገ አንድ ድንጋይ ቀላሉ ጎን ውስጥ ይገባል፣ ሰፈር ስንደርስ ይወጣል። ብረት ከብረት ጋር አይገናኝም፣ መካከሉ ጨርቅ ነው። ሳጥኑ ተዘግቶ ጆሮዬ አጠገብ ይነቀነቃል፣ ድምፅ ካለው ይከፈታል። ከባዱ ዕቃ ከታች ወደ እንስሳዋ አካል ጠጋ ብሎ፣ ቀላሉ ከላይና ከውጭ።

ሳምንት 4

ሳምንቱን ሙሉ ቋጠሮ። ስለዚህ ብዙ የምለው የለም፣ ቋጠሮ በጽሑፍ አይማሩትም። ሳጥኖቹ ከተንጠለጠሉና ድንኳኑ መሐል ላይ ከተቀመጠ በኋላ ሁሉም በሸራ ይሸፈናል። 12 ሜትር መጫኛ ጫፉ ላይ ሰፊ የሆድ ጠፍርና መንጠቆ አለው፣ እሱ ሁሉን አቅፎ ይይዛል። ሳጥን ላለው ጭነት ቦክስ ሂች የሚሉት ይበቃል። ዳይመንድ ሂች የሚባለው ከላይ ገመዱ የአልማዝ ቅርጽ የሚሠራው ነው፣ ያምራል። ጓደኛዬ ተምሮታል፣ በየቀኑም ያሳየናል።

ለእኔ ትልቁ ትምህርት የመጨረሻው ቋጠሮ ነው። ሳብ ሲሉት መፈታት አለበት። በቅሎ ወድቃ ገመድ ውስጥ ብትገባ ቆሞ ቋጠሮ መፍታት የለም።

ሳምንት 5፣ ረቡዕ

ማሰሪያ ላይ ቆይታ። ሁለት ዛፎች መካከል ከራሳቸው ከፍ አድርገን ገመድ ወጠርን፣ ሁለት ሜትር ያህል። ዛፉ ቅርፊቱ እንዳይላጥ ገመዱ የሚያልፈው በሰፊ ጠፍር ላይ ነው። እንስሳቱ እሱ ላይ ይታሰራሉ፣ አፍንጫቸው ሣር እንዲደርስ፣ እግራቸው ግን ገመዱን እንዳይሻገር።

ዳማን አርዝሜ አሰርኳት። እንዲመቻት ብዬ። ገመዱን በፊት እግሯ ተሻገረችው፣ ደነገጠች፣ ወደ ኋላ ተወረወረች፣ በጠሰችው። በቅሎ ማሰሪያዋን በጠሰች ቢሉት በራሷ አሳጠረች አለ። እውነትም ከዚያ ወዲህ የምትታሰረው በአጭሩ ነው።

ስትበጥስ ግን የትም አልሄደችም። ቦራ አጠገብ ሄዳ ቆመች። በቅሎ ባዝራ ትወዳለች። አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት ያለችው ለኩራት ብቻ አይመስለኝም። ያሳደገቻት ባዝራ ናት። አባቷ አህያ ባለ 62 ክሮሞሶም፣ እናቷ ባለ 64፣ እሷ መካከል ላይ 63 ይዛ ቀረች። ስለዚህም አትወልድም። ለእኛ የሚጠቅመን ግን ይህ ነው፦ ቦራ በደንብ ከታሰረች ዳማ አትጠፋም።

ሳምንት 6፣ እሑድ

የሸራና የሽታ ቀን። ሸራውን እያንኳኳን ዙሪያቸውን ዞርን። ቦራ ሁለት ጊዜ በረገገች፣ ከዚያ ሰለቻት። የደም ሽታ ያለበት ጨርቅ ደግሞ አንድ ሰው ሰጠን። ቦራ አሽካክታ ወደ ኋላ ሸሸች። ከሩቅ ጀምረን፣ በነፋሱ አቅጣጫ ሳይሆን በጎን፣ በየቀኑ ጥቂት እያቀረብን አለማመድናት። ዳማ አሽትታው ጨርቁን ልትበላው ፈለገች።

የታመቀውን መኖም ከዚህ ሳምንት ጀምረን ጥቂት በጥቂት እየቀላቀልን እንሰጣለን። መኖ በአንድ ቀን ከተለወጠባቸው የሆድ ቁርጠት ይይዛቸዋል፣ ያ ደግሞ ጫካ ውስጥ ቀልድ አይደለም። ፈረስ በቀን ከክብደቱ እስከ 2 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ይበላል። ለዳማ ብቻ 8 ኪሎ ገደማ መሆኑ ነው። የአምስት ቀኑን ተሸክመን አንዘልቀውም። ዋናው ግጦሽ ነው፣ የያዝነው መደጎሚያ ነው።

የጉዞው ቀን 1

ተነሣን። የዳማ ጎኖች 26 ኪሎ ተኩል በ26 ኪሎ ተኩል። ቦራ 30 በ30፣ ላይዋ ላይ 9 ኪሎ ድንኳን። ይህን ቁጥር ሳየው የተሰማኝን ደስታ ለማንም ማስረዳት አልችልም።

ጓደኛዬ ቦራን እየመራ ከፊት። ዳማ ከቦራ ኮርቻ ኋላ ታስራ ትከተላለች፣ መካከል ላይ ግን ስድስት ሚሊ ሜትር ቀጭን ገመድ አለ። አንዷ ገደል ብትንሸራተት እሱ ይበጠሳል፣ ሌላዋ ትተርፋለች። እኔ ከኋላ ሆኜ ጭነቱን አያለሁ። ጠመንጃው ጥይት ሳይጎርስ በእኔ ትከሻ ነው እንጂ ከመጫኛ ሥር አይገባም።

ሃያ ደቂቃ ሄደን ቆምን። የሆድ ጠፍሩ ሁለት ቀዳዳ ላልቷል። ስትታሰር ሆዷን ነፍታ ነበር፣ ስትሄድ ተነፈሰች። ሁለቱም ያደርጉታል። አጥብቀን ቀጠልን።

ከቀትር በኋላ ረጅም ቁልቁለት መጣ። ከኋላ ሆኜ የዳማን የኋላ ጠፍር ብቻ ነው ያየሁት። በየእርምጃው ይወጠራል፣ ይላላል። ትንንሽ ሰኮናዎቿን ድንጋይ መካከል እየመረጠች ታስቀምጣለች። እኔ ሁለት ጊዜ ወደቅኩ፣ እሷ አንድም ጊዜ።

ማታ ምንጣፉን ሳነሳ እጄ ትንሽ ተንቀጠቀጠ። ሙሉ በሙሉ ርጥብ ነው። ጓደኛዬን ጠርቼ አሳየሁት። «ላብ ነው» አለ። አዎ፣ ላብ ነው!

ቀን 2 እና 3

ምንም አልተገኘም። ዝናብ። ወንበሩ ትዝ ብሎናል፣ ማንም አላነሣውም።

ቀን 4

ጓደኛዬ ንጋት ላይ አንድ ወንድ አጋዘን መታ። በአንድ ጥይት። እስከ ቀትር ገፈን በየብልቱ አውጥተን ጨረስን።

የኋላ ጭኖቹን ከነአጥንታቸው ተውናቸው። የግራና የቀኝ ጭን በተፈጥሮ ጥንድ ነው፣ አንዱ 9.4፣ ሌላው 9.1 ኪሎ መጣ። ሚዛን የሚጠብቅ ሰው ሠርቶት ቢሆን እንዲህ አይገጥምም። ሌላውን ሥጋ ክብደት ለመቀነስ ከአጥንት ለየነው፣ 14 ኪሎ ተኩል። ሁሉም አየር በሚያስገባ ጨርቅ ከረጢት ገብቶ ጥላ ሥር ሌሊቱን ተሰቀለ። ላስቲክ ውስጥ ቢሆን ሙቀቱ ታፍኖ ይበላሽ ነበር።

ቀን 6፣ መውጫ

ምግባችንና መኖው ተበልቷል፣ 34 ኪሎ ቀንሷል። ሥጋው 33፣ ቀንዱ 3 ጨመረ። 124 ሆነ። አንዱን ትርፍ ኪሎ ምድጃውን በጀርባዬ አድርጌ ወሰድኩት። ሥጋውን ለዳማ ሰጠናት፣ ቀንዱን ለቦራ። የቀንዱ ጫፎች በጨርቅ ተጠቅልለው ወደ ላይ ዞረው ከሸራው በላይ ታሰሩ። ቦራ አንዴ ዞራ አየችው፣ ከዚያ ተወችው።

ማታ ቤት ደርሰን አራገፍን። የዳማን ምንጣፍ አነሳሁ። ርጥብ፣ ርጥብ፣ ርጥብ። ከዚያ በግራ በኩል ከትከሻዋ ኋላ አንዲት ደረቅ ነጥብ። የሳንቲም ያህል ናት።

ጠዋት ስንነሳ ሁለቱ ጎኖች እኩል ነበሩ፣ መዝኛለሁ። ሳጥኑን ስከፍት ገባኝ። ከአጥንት የተለየው ሥጋ አንድ ትልቅ ከረጢት ውስጥ ነበር። አጥንት የሌለው ሥጋ ቅርጽ የለውም። ቁልቁለቱ ላይ ተንሸራቶ የሳጥኑ ፊት ጥግ ላይ ተከምሯል። ክብደቱ አልተለወጠም፣ ቦታው ተለወጠ። ከኋላዋ 18 ኪሎ ሜትር ሄጄ አላየሁትም፣ ሸራው ከላይ ለጥ ብሎ ነበርና።

ጋሼ እጃቸውን አሳለፉበት። አላበጠም፣ ስትነካም አትሸሽም። «ሁለት ሳምንት ኮርቻ አታሳያት» ብለው ሄዱ።

ቤት ውስጥ አንድ አሮጌ አንሶላ አለ። አራት ኪሎ፣ አራት ኪሎ የሚይዙ ትንንሽ ከረጢቶች ከእሱ ስምንት ይወጣሉ። ሦስቱን ዛሬ ሰፍቻለሁ።